የእሜቴ ካርታና የአያቴ ጎጆ

ልጅ እያለሁ ሥራ ነበረኝ። ማንም ያልቀጠረኝ፣ ደመወዝም የሌለው ሥራ፤ የእናቴ አስተርጓሚ ነበርኩ። የኔ እኩዮች፣ በስቶክሆልም ዳርቻ በሃሉንዳና በአካላ ፎቆች መካከል ያደጋችሁ የሐበሻ ልጆች፣ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። የቤት ኪራይ ደብዳቤ አንብበናል፤ ሐኪም ፊት ቆመን ስለ እናቶቻችን ማህፀን ምንም ሳይገባን ተናግረናል፤ በወላጆች ስብሰባ ቀን መምህሯ ስለ እኛ የተናገረችውን ክፉ ነገር አለዝበን አሳልፈናል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ያልዋሸ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ግን ከዚያ ሌላ አንድ ውሸት አለብኝ፤ እንደነዚያ በሳቅ የማይታለፍ።

ያን ጊዜ ዓሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ይነዳል። እናቴ ዘይነባ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታጸዳለች፣ ምግብ ታሞቃለች። እኔን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ፣ ባይፈቀድም፣ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሃሉንዳ ላይ ቀዩን ባቡር እንይዛለን። እናቴ ገና ሁለተኛው ጣቢያ ሳንደርስ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ትተኛለች፤ እኔ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚፈቀድልኝን ከረሜላ እየመጠጥኩ ጣቢያ እቆጥራለሁ። መውረጃችን ሲደርስ ጉልበቷን ነካ አደርጋታለሁ። "ደረስን እንዴ? ኧረ አሁን ነው የተሳፈርነው!" ትላለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የምትለው። የዚያን ጊዜ ድካሟ አሁን በራሴ ላይ ሲደርስ ነው የገባኝ።

የምንሄድላቸው አሮጊት ሄለን ይባላሉ። አይርላንዳዊት ናቸው። ወጣት ሳሉ አንድ የስዊድን መሐንዲስ አግብተው እዚህ መጡ፤ መሐንዲሱ ሞተ፣ ልጅ አልወለዱም፣ እሳቸው ሰማንያን ተሻግረው አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን "እሜቴ" ብላ ስም አወጣችላቸው። በፊታቸውም እሜቴ፣ በሌሉበትም እሜቴ። እኔ የፍቅር ስም ይመስለኝ ነበር። በእነ እናቴ አገር፣ ወሎ፣ ጭሰኛው የባላባቱን ሚስት የሚጠራበት ስም መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ቤታቸው የሰም፣ የእርጥብ ሱፍና የብርቱካን ማርማላታ ሽታ ነበረው። ዛሬም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ልል ይቃጣኛል። ሳሎኑ ጥግ አንድ ትልቅ የቆዳ ሻንጣ አለ፤ ውስጡ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የተጠቀለለ ካርታ ነው። እሜቴ የቤተሰባቸውን ታሪክ እየጻፉ ነበር። እናቴ ወለል ስትወለውል እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ በዚያ በሚዘምር ስዊድንኛቸው የጻፉትን ሲያወሩልኝ እሰማለሁ።

ቤተሰቡ ደንሌ ይባላል፤ ትልቁ ቤታቸው ፋረንሞር። የመጀመሪያው ደንሌ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጣ፤ ለአገልግሎቱ መሬት ተሰጠው። መሬቱ ከማን ተወስዶ እንደተሰጠው መጠየቅ አልመጣልኝም፤ ልጅ ተረት ሲነገረው ከተራኪው ጎን ነው የሚቆመው። የእሱ ልጅ ባለርስት አገባና ሁለተኛ ግዛት ጨመረ፤ አንደኛው ወንዝ ዳር ለም መሬት፣ ሁለተኛው በስተምዕራብ ድንጋይና ረግረግ። ሌላው ደንሌ ቤቱን ሠራ። የሱ ልጅ ከበሩ እስከ ቤቱ ድረስ በግራና በቀኝ ዛፍ አስተከለ፤ ዛፎቹ ጥላ ሳይሰጡ እሱ ሞተ። ፈረሶቻቸውን በስም አውቃቸው ነበር። ውሾቻቸው ሲሞቱ የመቃብር ድንጋይ እየተጠረበላቸው ይቀበሩ ነበር፤ የእነሱንም ስም አውቃለሁ። እንዲያውም የአያቴን ስም ከማወቄ በፊት የደንሌዎችን ውሾች ስም አውቅ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ቤቱ የተቃጠለበትን ነበር። እሜቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ናቸው። አገሬው በእንግሊዝ ላይ ተነሥቷል፤ ሰዎች መጡና በትሕትና ቆባቸውን አውልቀው ቤተሰቡ እንዲወጣ ሩብ ሰዓት ሰጡት። ከመካከላቸው አንዱ ሕፃኗን ሄለንን ከአልጋ አንሥቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሣር ላይ አስቀመጣት። "እንዳይበርድሽ" አላት። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ቤቱን ለኮሰው። እሜቴ ይህን ሲናገሩ እጃቸው ብርድ ልብሱን እንደያዘ ሰው ይጨበጣል። ሀዘናቸው እውነተኛ ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስትሰሙ እሳቸውን እንዳትጠሏቸው ነው።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት የየቤተሰባችንን ታሪክ እንድናቀርብ ታዘዝን። አንዷ የአያቷን ጀልባ ፎቶግራፍ አመጣች፤ አንዱ የቅድመ አያቱን ሜዳሊያ። እኔ እናቴን ብጠይቃት "ምን ታሪክ አለን ልጄ፤ አራሾች ነን" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ዞረች። ክፍል ውስጥ ተራዬ ሲደርስ አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ያ እፍረት ገና ሳይበርድልኝ ነው ቅዳሜ የመጣው።

እሜቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "የእናትሽ ቤተሰቦችስ መሬት ነበራቸው?" አሉኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ጨርቁን ባልዲው ላይ እየጨመቀች፣ "በያቸው፣ መሬቱ የጌታው ነበር። አባቴ ጭሰኛ ነው። ካመረተው እኩሌታውን ለባላባቱ ይሰፍራል፤ በበዓል ደግሞ በግ ይነዳል" አለች። አላፈረችም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

"አያቴ ብዙ መሬት ነበረው" አልኩ በስዊድንኛ። "ኋላ ተወሰደበት።"

እሜቴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እናቴን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት ይመስል፣ ረጅም ጊዜ አዩዋት። "ገምቼ ነበር" አሉ። "አቋቋሟ ራሱ ይናገራል።"

"ምን አሉ?" አለች እናቴ።

"ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ አሉ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። እሜቴ እናቴን "እዚያ ጋ አቧራ ቀርቷል" ማለት ተዉ። ሥራ ስትጨርስ ከመሳቢያ ከንፈሩ ወርቅማ የሆነ ሲኒ አውጥተው "ተቀመጪ" ይሏታል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ሻይ ይጠጣሉ። የመሬት ሰው የመሬትን ሰው ያውቃል ይሉኛል ለእኔ፤ እኔ ደግሞ ለእናቴ "ሻዩ ይጣፍጣል ወይ ይሉሻል" እላለሁ። እናቴ ግራ ገብቷት፣ በባቡሩ ውስጥ "አላህ ልባቸውን አራራው እኮ!" ትል ነበር። ለደግነታቸው አጸፋውን ለመመለስ ከተፈቀደላት ሰዓት በላይ እየቆየች እግራቸውን በሞቀ ውሃ ታጥባለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፣ ተረከዛቸውን ቅባት ታሻለች። እኔም ደስ ብሎኛል። ማንን ጎዳሁ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ግን አፋፍ ላይ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ፣ ውጭ የመጀመሪያው በረዶ እየወረደ፣ እሜቴ ሁለት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የምዕራቡ ግዛት ነው፤ ያ ድንጋይና ረግረግ የሆነው። ሁለቱም በእጅ የተሣሉ፣ እርሻው በአረንጓዴ፣ ውሃው በሰማያዊ የተቀባ። መሬቱ አንድ ነው። ብቻ የመጀመሪያው ካርታ ላይ በየቦታው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ ሁለተኛው ላይ የሉም።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኩ።

"ጎጆዎች። የጭሰኞቻችን።"

"እዚህኛው ላይስ የት ሄዱ?"

እሜቴ ነገሩኝ። ድንቹ ከመሬት ሳይወጣ በሰበሰበት በረሃቡ ዘመን ሕዝቡ ሣር እስኪግጥ ድረስ ተርቦ ነበር። ግብሩን መክፈል አልቻለም። ቅድመ አያታቸውም፣ መሬቱ ይህን ሁሉ ሰው መሸከም አይችልም ብለው፣ መርከብ ተከራዩ። "ጎጆውን በገዛ እጁ ላፈረሰ ሁሉ ወደ ካናዳ መሳፈሪያ ሰጡት። ደግ ሰው ነበሩ" አሉ።

ይህን ለእናቴ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ ምን ያመጣል ብዬ። እናቴ የምታጥበውን ሰሃን ይዛ ቆመች።

"በገዛ እጁ?"

"አዎ፣ በገዛ እጁ ላፈረሰ።"

ሰሃኑን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ አደረቀች። መጥታ፣ ተቀመጪ ሳይሏት፣ ተቀመጠች። "አባቴም በገዛ እጁ ነው ያፈረሰው" አለች።

ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ያን ቀን ነገረች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሜቴ። ዓይኗ እሳቸው ላይ ነበር፤ እኔ በመካከል የተዘረጋሁ ቧንቧ ነበርኩ። የድርቁ ዓመት ነው። ዝናቡ ቀረ፤ አያቴ ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ ለልጆቹ አበላ። ዘር የበላ ጭሰኛ ደግሞ ለከርሞ የሚዘራው የለውም። የባላባቱ ወኪል በበቅሎ መጣና መሬቱን ለሌላ ሰጥተናል አለው። የጎጆው እንጨት ግን የአያቴ ነበር፤ ራሱ ቆርጦ ያቆመው። ለመጣው ሰው ትቼ አልሄድም አለ። ክዳኑን አወረደ፣ ማገሩን ፈታ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። እናቴ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ልጡን እየሰበሰበች ታቀብለው ነበር። እንጨቱን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ከተማ ወረዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ እንጨቱን በመንገድ ጣሉት። ሦስተኛው ቀን ላይ ታናሽ ወንድሟ ሞተ። ዑመር ይባል ነበር። አጎት እንደነበረኝ ያወቅኩት ስቶክሆልም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው ካርታ ተዘርግቶ ሳለ ነው።

እሜቴ ደነገጡ። "ምን እያለች ነው? ለምንድን ነው የምታለቅሰው?" አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ "አቋቋሟ ይናገራል"፣ ሁሉም ሊፈርስ ነው። እናቴ የጭሰኛ ልጅ፣ እኔ ውሸታም። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ እንዲሉ፣ እኔም የአያቴን ቤት ዘረፍኩ።

"በድርቁ ጊዜ የአያቴ ጭሰኞች ጎጆአቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ ትላለች" አልኩ። "አንድ ሕፃንም መንገድ ላይ ሞተባቸው። አያቴ እስኪሞት ድረስ አልረሳውም።"

አያቴን ወስጄ በቅሎው ላይ አስቀመጥኩት። አፈናቃዩ አደረግኩት።

እሜቴ አለቀሱ። የእናቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። "መሬቱን ይዘው የቀሩትም እንደሚጎዱ ማንም አይረዳም" አሉ። "ቅድመ አያቴም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራቸውም ይባላል። አንቺ ብቻ ነሽ የገባሽ።"

"ምን አሉ?" አለች እናቴ በእንባዋ መካከል።

"አዝነናል አሉ። በጣም አዝነናል አሉ።"

እናቴ ጎንበስ ብላ የእሜቴን እጅ ሳመች። እኔ ሲኒውን አንሥቼ ላጥብ ማዕድ ቤት ገባሁ። ያን ቀን ሃሉንዳ እስክንደርስ ባቡር ውስጥ አልተኛችም። በረዶውን እያየች፣ አንድ ከባድ ነገር ከራሷ ላይ እንዳወረዱላት ሴት ተንፈስ ብላ ተቀምጣ ነበር።

እሜቴ በሚቀጥለው ፀደይ አረፉ። ሻንጣውን ከአይርላንድ የመጣ ዘመድ ወሰደው። ለቀብራቸው እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገብታ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሰባት ሰው አንበልጥም ነበር ብላኛለች። ከእሷ በቀር ያለቀሰ እንዳልነበረም።

አሁን ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሊሆን ነው። ያንኑ ሥራ እየሠራሁ ነው፤ አሁን ግን ፈቃድ አለኝ። በጤና ጣቢያ፣ በፍርድ ቤት፣ በማኅበራዊ ቢሮ፣ ብዙ ጊዜም በስልክ አስተረጉማለሁ። አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንዲት ቃል አልቀንስም። ሐኪሙ "ተስፋ የለውም" ካለ "ተስፋ የለውም" እላለሁ፤ የተመደበው ሠላሳ ደቂቃ ሲያልቅ ስልኩ ይዘጋል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ደክሞኛል። ልጅ ሆኜ ሁሉንም ላስደስት ብዬ እዋሽ ነበር፤ ዛሬ እውነቱን ሁሉ ተናግሬ የማስደስተው ሰው የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ስሰማ፣ የእኔዋ ውሸት ለምን እንደማትጠራ አስባለሁ። እናቴ ግን በእያንዳንዱ ሰርግና ለቅሶ ላይ፣ ስለ ፈረንጅ ጨካኝነት ሲወራ፣ "ኧረ ተዉ፤ ለአባቴ ያለቀሱ ፈረንጅ አሉ" ትላለች።

በቀደም ቅዳሜ ልጄን ሰሚራን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድን። እናቴ ወገቧ ካመማት ወዲህ ሥራ አቁማለች። ሰሚራ ዓሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። እናቴ የተለመደውን ጀመረች፤ እሜቴን፣ ካርታውን፣ ልቅሶውን። ሰሚራም አቋርጣ በስዊድንኛ ጠየቀች፦ "እሷ ራሷ የመሬቱ ባለቤት ከነበረች ለምን ለጭሰኛ አለቀሰች?"

ሠላሳ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። እናቴ "ምን አለች?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ልክ እንደዚያን ጊዜ። አሁንም አለዝቤ ላሳልፈው እችል ነበር። አፌ ግን ደክሞት ኖሮ እውነቱን ተናገረ። ከመጀመሪያው "አያቴ ብዙ መሬት ነበረው" እስከ መጨረሻው "አዝነናል" ድረስ፣ አንድም ሳላስቀር።

እናቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን ብቻ አፍተለተለች።

"እንግዲያ ያለቀሱት ለራሳቸው ነው" አለች። ቀጥላም፣ "ታዲያ ለአባቴ ያለቀሰ የለም በይኛ።"

"እኔ አልቅሼለታለሁ እማዬ" አልኳት። "ያን ቀን እሳቸው ቤት ሲኒውን ሳጥብ ለእሱም ለዑመርም አልቅሻለሁ።"

"አንቺማ ልጁ ነሽ" አለች። ድምፅዋ የዋህ ነበር። "የልጅ እንባ አይቆጠርም። እኔን ደስ ያለኝ የባዳ እንባ ነበር።"

ተነሥታ ዐስርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት፣ ሰገደች። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ሱጁድ ላይ ከወትሮው ይበልጥ ቆየች። ስትጨርስ ምንጣፏን አጠፈችና ሶፋው ላይ ከሰሚራ አጠገብ ተቀመጠች። "ነይ፣ ስለ ቅድመ አያትሽ ልንገርሽ። ሙሐመድ ይባላል። እንጨት ሲቆርጥ እጁ አይስትም ነበር" ብላ ጀመረች። ሰሚራ ስልኳን አስቀመጠች። እኔም እንደ ልማዴ በመካከላቸው ልቀመጥ ወንበር ሳብኩ።

እናቴ እጇን አወዛወዘችልኝ። "አንቺ ተይው፣ ዕረፊ" አለችኝ። "ልጅቷ ራሷ ትሰማኛለች።"